የማን ካፖርት ነው?

እናቴ ይበርዳት ነበር። ይህ እኛ ቤት ዜና አልነበረም፤ እንደ በሩና እንደ ጣሪያው የቤቱ አካል ነው። ሌላ ሰው ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ?» ይላል፤ እናቴ «በሩን ዝጉት» ነበር የምትለው። ፀሐይ አስፋልቱን አቅልጣ ጫማችን እየተጣበቀ በምንሄድበት ቀን እንኳ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በካልሲ ላይ ካልሲ አድርጋ ትቀመጣለች። ሻይ የምታፈላው ለመጠጣት ሳይሆን ለመጨበጥ ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ ሙቀቱን መጥጣ ስትጨርስ ሻዩን ለእኔ ትሰጠኛለች። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ሻይ ማለት ቀዝቃዛ መጠጥ ይመስለኝ ነበር።

ሰውን ሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የሥራ ቦታዋ ነው። እናቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። (ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ ሲጠየቅ «እናቴ ተኳሽ ናት» በማለቴ ለአንድ ሳምንት ያህል የነካኝ ልጅ አልነበረም።) ከዚያ ክፍል የሚሞቅ ቦታ በሰፈሩ አልነበረም። ካውያው ትፍ ባለ ቁጥር እንፋሎቱ ጣሪያ ደርሶ፣ እዚያ ተጠራቅሞ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይመለሳል። ግድግዳው ያልበዋል። አጣቢው ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው የሚሠራው። በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል እናቴ እስከ አገጯ ተቆልፋ ትተኩሳለች፤ አንድ ሸሚዝ በጨረሰች ቁጥር ከማጠፏ በፊት ለአፍታ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የቆሸሹ አንሶላዎች ክምር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ይህን አያለሁ። የሰዎችን ልብስ የምትስም ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ከሚያልባቸው ሰዎች ጋር ጠባብ መኪና ውስጥ ስለሚውል፣ ቤት እንደገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መስኮት ይከፍታል። «አየር! አየር!» እናቴ ትዘጋለች። እሱ ይከፍታል። በማስተማሪያው መኪና ውስጥ በእሱ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እግሩ ከልማዱ ብዛት ቤት ውስጥም ያልጣመውን ወሬ ሲሰማ ወለሉን ረገጥ ያደርጋል። እኔ ጠረጴዛ ሥር እየተጫወትኩ የአዋቂዎችን ወሬ የምከታተለው በአባቴ እግር ነበር። ቃሉ ባይገባኝም አደጋው የቱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።

«የጋለ ካውያ ፊት ቆመሽ እየዋልሽ ይበርደኛል ትያለሽ?» ይላታል።

«ይበርደኛላ።»

«የት ጋ ነው የሚበርድሽ?»

«ውስጤን።»

«እንግዲህ ውስጥሽን እኔ ምን ላድርገው? መስኮት የለው ልዘጋልሽ!»

እግሩ ወለሉን ይረግጣል። እናቴ ተነስታ ያለውን መስኮት ትዘጋለች።

ስለ እናቴ ብርድ አስተያየት ያልነበረው ሰው አላውቅም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ቫይታሚን ነው አላት። ጎረቤታችን ሐሳብ ነው፣ ሐሳብ ደም ያቀዘቅዛል አለች። የላውንደሪው ባለቤት ደግሞ ከእንፋሎት ወደ ውጭ ስትወጪ ንፋስ መትቶሽ ነው ብሎ ፈረደ። አባቴ ስንፍና ነው ባይ ነው። ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል፤ አንዳቸውም ግን እስኪ ክንድሽን ወዲህ በዪ፣ ደምሽ ይታይ አላሏትም። አሁን ሳስበው አንጀቴ የሚያርረው በዚህ ነው። የደም ምርመራ ማለት ያኔም ቢሆን ጠፈር መውጣት አልነበረም።

ከሁሉም የባሰችው አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች የሰውን ኑሮ በፋይል ነበር የምታስበው። የእናቴ ፋይል ወፍራም ነው። ቅዳሜና እሁድ እስከ ቀትር ትተኛለች፤ መዝግባዋለች። ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ «ከእኛ ጋር መነጋገር ተጠይፋ ነው።» ቅንድቧ ከጫፍ ከጫፉ ሳስቷል፤ «ለማን ብላ ነው የምትቀነደበው? ባሏ እንደሆነ ከመኪና መስታወት በቀር የሚያየው ነገር የለ።»

እናቴ ቅንድቧን ነክታው አታውቅም። ይህን ያወቅሁት የራሴ መርገፍ ሲጀምር ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

*

የላውንደሪው ባለቤት ጋሽ መስቀያ ይባላል። እርግጥ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ትከሻው ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ አንገቱ ከመሐል ቆልመም ብሎ ስለበቀለ የልብስ መስቀያ ይመስላል። እያንዳንዱ ልብስ ሲገባ ኮሌታው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል። በስድስት ወር ውስጥ ባለቤቱ ካልመጣ ወደ ኋላው ረድፍ ይዛወራል። ሠራተኞቹ ያንን ረድፍ «ወላጅ አልባዎቹ» ይሉታል። ጋሽ መስቀያ ግን እንደ ልጆቹ ነው የሚጠብቃቸው።

«ከዚህ ረድፍ ክር የመዘዘ ሌባ ነው!» ይላል ጣቱን እያወዛወዘ። «ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ በቀጥታ ለፖሊስ ነው የምሰጠው!»

ወላጅ አልባዎቹ መሐል አንድ ቡናማ የወንድ ካፖርት ነበር፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት። ወፍራም ሱፍ፣ ውስጡ ሐር መሰል ገበር፣ ኪሱ አንድ ሙሉ ዳቦ የሚይዝ። እናቴ ጋሽ መስቀያ በሌለ ጊዜ ከላይዋ ጣል ታደርገዋለች። ትለብሰውና ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሰው አውቶቡስ ሲያመልጠው ቆይቶ በመጨረሻ መቀመጫ ሲያገኝ የሚተነፍሰውን ትንፋሽ ትተነፍሳለች። የጋሽ መስቀያ መኪና ሲሰማ አጣቢው ሁለቴ ያስላል፤ ካፖርቱ ወደ ረድፉ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናብ ከንፋስ ጋር መጣ። ጋሽ መስቀያ ቀደም ብሎ ሄዷል። እናቴ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጣቶቿ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው ቆማ ነበር። ረድፉን አየች። አጣቢውን አየች።

«ጠዋት ከእሱ በፊት እገባለሁ» አለችው ዝቅ ብላ።

«እኔ ዓይኔን ሳሙና ገብቶታል» አላት።

ከዚህ ንግግር የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ከወላጅ አልባዎቹ ረድፍ ክር ሳይሆን ሙሉ ካፖርት መዘዘች። እናቴ ሌባ ናት።

አውቶቡስ ውስጥ ገና ከመቀመጧ ጭንቅላቷ መስኮቱ ላይ አርፎ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ፖሊስ ተሳፈረ። ሰውዬው ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ምስኪን ነበር፤ በፌስታል ሽንኩርት ይዟል። እኔ ግን ሽንኩርቱ አልታየኝም። የእናቴን ኮሌታ ገለበጥኩ። መርፌ ቁልፉን ከፈትኩ፣ ወረቀቱን አወጣሁ። የት ልጣለው? ፖሊሱ አጠገባችን የአውቶቡሱን መደገፊያ ብረት ይዞ ቆሟል። አፌ ውስጥ ከተትኩት። አራት መቶ አሥራ ሰባት የልብስ ሳሙና ሳሙና ይላል። አኘክሁት፣ ዋጥሁት። ፖሊሱ አየኝና ፈገግ አለ።

«ማስቲካ አይዋጥም፣ የኔ ልጅ» አለኝ።

ማስረጃውን በላሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

*

ቤት ስንደርስ አክስቴ ሶፋው ላይ ናት። አባቴ መስኮቱን ከፍቶ ሸሚዙን ፈትቶ ተቀምጧል። እናቴ እጅጌው ጣቶቿን በዋጠ የወንድ ካፖርት በር ላይ ቆመች። ሻይ የምታማስለው የአክስቴ ማንኪያ ቀጥ አለ።

«ካፖርት ገዛሽ እንዴ?»

«አይ፣ ከሥራ ቦታ ነው። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ነው። በጣም ሲበርደኝ ለዛሬ ደረብኩት። ጠዋት እመልሰዋለሁ።»

«የወንድ ነው ልበል?»

«ይመስለኛል። አላየሁትም።»

«አላየችውም» አለች አክስቴ ወደ ወንድሟ ዞራ፤ ፋይሉ ተከፍቷል።

የአባቴ እግር ወለሉን ረገጠ። «ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ቁጥር ነው ያለው፣ ስም የለውም። ይኸው እየው» ብላ ኮሌታውን ገለበጠች። ጣቶቿ ፈለጉ። ሱፉን ዳበሱ፣ ገበሩን ዳበሱ፣ ወደ ኋላ ሄደው እንደገና ተመለሱ። «እዚህ ነበረ... ጠዋት እዚህ ነበረ።»

«ቁጥሩ እሱም ባለቤቱን ፍለጋ ወጥቶ ይሆናላ!» አለች አክስቴ።

«ግድ የለም» አለ አባቴ። «ነገ ሄጄ መስቀያን ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

«እንዳትሄድ!» እናቴ ጮኸች፤ ማለትም በዚያ ድምጿ መጮህ የቻለችውን ያህል። «እባክህ፣ እሱን እንዳትጠይቀው። ከሥራ ያባርረኛል።»

እግሩ እንደገና ረገጠ፤ አሁን ሁለቴ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። እኔ ይህን ሁሉ የማየው በሌላ ዓይን ነው። ፊት ለፊቴ የሚካሄደው የሌባ ምርመራ ነው። «ባለቤቱ ማነው?» ሲባል ከሳሹን የሚፈልጉ መሰለኝ። «መስቀያን እጠይቀዋለሁ» ሲባል ፖሊሱ መጣ ማለት ነው።

«ቁንጫ» አለኝ አባቴ፤ ቤት ውስጥ የምጠራው እንደዚያ ነው። «ነይ እስኪ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እዚያ አይደል የምትውዪው? የማን ካፖርት ነው?»

ሦስቱም አዩኝ። እናቴ ዓይኗ ላይ ተስፋ ነበር፤ ልጄ ያየችውን ትነግራቸዋለች የሚል ተስፋ።

«አልሰረቀችም!» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ሰውዬው ራሱ ነው የሰጣት!»

ስጦታ ሌብነት አይደለም። ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም።

«የቱ ሰውዬ?» አለ አባቴ።

ጥሩ ውሸት ዝርዝር ይፈልጋል። «ረጅም ነው። ጺም አለው።» አሁንም እየጠበቁ ነው። ስለዚህ እናቴን ሰው ሊላት የሚችለውን ከሁሉ የሚበልጥ ደግ ቃል ፈለግሁ፤ ቤታችን ውስጥ ማንም ብሏት ሰምቼ የማላውቀውን። «‹እንዳይበርድሽ› ብሎ አለበሳት።»

እናቴ እንደ እንግዳ ሰው አየችኝ። ምን እንደምትል ጠበቅሁ። ስትቆጣ አውቃለሁ፣ ስታለቅስ አውቃለሁ። እሷ ግን ዓይኗን አፌ ጥግ ላይ ተከለችው።

«ደክሞኛል» አለች በመጨረሻ። ኮሌታዋን ወደ ላይ መልሳ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

«ሰማህ?» አለች አክስቴ። «ደክሟታል።»

የአባቴን እግር አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ አክስቴ ብዙ ተናገረች፤ ስለ ቅንድብ፣ ስለ ቅዳሜ እንቅልፍ፣ ስለ «ሙቀት ከሌላ ቦታ የምትፈልግ ሴት»። እግሩ ውልፍት አላለም። አደጋው አልፏል ብዬ ተነፈስኩ። እናቴን ከእስር ቤት አዳንኳት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ሻንጣውን ይዞ አክስቴ ቤት ገባ። ሁለት ሳምንቱ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗል። ካፖርቱ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ረድፉ ተመልሷል። አባቴ ላውንደሪው ድረስ ሄዶ አልጠየቀም፤ እናቴ አትሂድ ስላለችው አይደለም፣ ኩራቱ ነው። ለአሥር ደቂቃ ጥያቄ ኩራት ያዘው፤ ለሃያ ሦስት ዓመት ኩርፊያ ግን ጊዜ ነበረው። እኔ በበኩሌ ለምን እንደሄደ የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ፤ ፖሊስ ይፈራል። ብዙ ጊዜ ናቅሁት በዚህ።

የገባኝ በሃያ ዓመቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ማንም ምንም አላለኝም፤ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት የወንድ ጃኬት ደርባ ነበር፣ በቃ። መውረጃዬን ሦስት ፌርማታ አልፌ ወረድኩና እስከ ቤት ሮጥኩ። እናቴ እጇን ሻይ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፖሊሱን፣ ወረቀቱን፣ ጺሙን።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የዚያን ቀን አፍሽ ጥግ ላይ ወረቀት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?!»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ምን ልበል? ልጄ ውሸታም ናት ብዬ ልማልበት?» ሻዩን ወደ እኔ ገፋችው። «ደግሞ ስሚኝ። ይበርደኛል ስለው ያላመነኝ ሰው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ። የአንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የከበደው የእኔ ስለቀለለ ነው።»

«ልንገረው?»

«ተይው። ማመን ቢፈልግ ያኔ ነበር።»

ሻዩን ጠጣሁት። እንደ ሁልጊዜው ቀዝቅዟል።

*

በሠላሳ ሁለት ዓመቴ እኔም ይበርደኝ ጀመር። ቢሮ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣውን ሪሞት መሳቢያዬ ውስጥ ስደብቅ ተያዝኩ፤ ባልደረቦቼ «ፍሪጅ» ይሉኛል። ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ጠዋት መስታወት ሳይ የቅንድቤ ጫፍ የለም። ሐኪሟ የዕድሜ እኩያዬ ናት። አንገቴን በሁለት ጣቷ ዳበሰች፣ ቅንድቤን አየች፣ ደም አስቀዳችኝ።

«ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፣ እዚች አንገትሽ ላይ» አለችኝ ውጤቱን ይዛ። «የሰውነት ምድጃ በያት። ያንቺ ሥራ እየፈታች ነው። ለዚያ ነው የሚበርድሽ፣ የሚደክምሽ። በየጠዋቱ አንዲት ክኒን በባዶ ሆድ፣ በቃ። ከቤተሰብሽ ይበርደኛል የሚል ሰው አለ?»

ሳቅሁ። ሳቄ አላቆም ሲል ሐኪሟ ውኃ አመጣችልኝ።

እናቴን በነጋታው ጎትቼ ወሰድኳት። የእሷ ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችውና ቀና ብላ፣ «እማማ፣ እንዴት ነው ቆመው የሚሄዱት?» አለቻት።

«ቀስ ብዬ» አለች እናቴ።

ክኒኑ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረላት ሦስት ወር ሆነ። አንድ ቀን ስገባ በሩ ክፍት ነው። እናቴ ሹራቧን አውልቃ፣ በአጭር እጅጌ ቀሚስ ልብስ ታጥፋለች። ክንዷን በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር እንዴ የሚኖረው?» አለችኝ። ለመቆጣት እንኳ አዲስ ነበረች፤ የጀመረችው በዚያ ጥያቄ ነው። «እንዲህ እየሞቃቸው ነው ሰነፍ የሚሉኝ የነበረው?»

እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት የምርመራውን ወረቀት ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ተይው ብላኛለች፤ አልተውኩትም።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። አክስቴ ሞታ ቤቱ ለእሱ ቀርቷል። ሶፋው ላይ፣ ወለል ብሎ በተከፈተ መስኮት ሥር፣ በሸሚዝ ተቀምጧል። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። እያንዳንዱን ቁጥር እያሳየሁ አስረዳሁት፤ ይሄ መሆን ያለበት፣ ይሄ የእሷ። ብርዱ፣ እንቅልፉ፣ ድምጿ፣ ቅንድቧ። አንድ በአንድ። ፋይሉን ገጽ በገጽ ዘጋሁበት።

ረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ ይብረዳት» አለ። «በሽታ ነው፣ አምኛለሁ። ካፖርቱ ግን የማን ነበር?»

ደሜ ፈላ። ሃያ ሦስት ዓመት፣ የሐኪም ማኅተም ያለበት ወረቀት ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሰውዬው አሁንም ጺም እየፈለገ ነው።

«የማንም አልነበረም» አልኩት። «ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ነበር። ወረቀቱን እኔ በላሁት። ሰውዬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሰረቀች ብላችሁ እንዳታስሯት ብዬ። ጺሙም የእኔ ነው፣ ቁመቱም የእኔ ነው። ‹እንዳይበርድሽ› ያላትም እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ሌላ የሚላት ሰው ስላልነበረ።»

ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ረግጦ አልተመለሰም፤ እዚያው ተጭኖ ቀረ።

ከዚያ አባቴ የሶፋውን ክንድ ተደግፎ ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሄደና በሁለት እጁ ጎትቶ ዘጋው። መቀርቀሪያውን ገፋ፣ ይዞ እንደሆነ ነካ ነካ አድርጎ አየ።

እናቴ ከዚያ ክፍል በሁለት አውቶቡስ ርቀት ላይ በአጭር እጅጌ ቀሚስ ልብስ እያጠፈች ነው። እኔ ደግሞ ክኒኑ እየሠራልኝ ነው መሰለኝ፣ ሞቀኝ።